የልጆቹ ሳል፣ የክፍሉ አየርና የዕቁቡ 45 ሺ ብር

ጥያቄው ረዘም ያለ ነበር፣ አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «የምንኖረው ጅማ ሄርማታ፣ አዌቱ ወንዝ አካባቢ ነው። ግቢው ውስጥ ስምንት ተከራይ አለ፣ እኛ አምስት ሆነን ሦስት በአራት በሆነች አንድ የጭቃ ክፍል ውስጥ ነን፣ ወለሉ አፈር ነው፣ ላዩ ላይ ፕላስቲክ አንጥፈንበታል። የ3 ዓመቱ ልጄ ከክረምት ጀምሮ ሳሉ አልቆመም፣ የ8 ዓመቷም በየጊዜው ጉሮሮዬን ትላለች፣ ጤና ጣቢያ አራቴ ሽሮፕ ሰጡን። ጎረቤት ብርድ ነው ሲሉኝ መስኮቱን በላስቲክ ሸፈንኩት፣ ከጣሪያው ስር ያለውንም ክፍተት በጨርቅ ወተፍኩት፣ እሱም ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። አሁን ዕቁብ ወጥቶልኝ 45 ሺ ብር አለኝ። ባለቤቴ ከከተማ ወጣ ብለን ሰፋ ያለ ቤት እንከራይ ይላል፣ እኔ ክፍሉን ብናድሰው እላለሁ፣ የሰፈሩ ዕድር ደግሞ ለቦይና ለጋራ ሽንት ቤት በየቤቱ 4 ሺ ብር አዋጡ ብሏል። ለጤናችን የቱ ይሻላል?»

ላስቲኩን ዛሬውኑ ቅደጂው፣ ጨርቁንም ንቀዪው፣ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን። ብርድ ብቻውን ሳል አያመጣም። ይሄን ስል የሚናደድብኝ ሰው ብዙ ነው፣ እናቴ ራሷ እስከዛሬ አላመነችኝም፣ ያው አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ላይ ሲጮህ እየሰማን ያደግን ነን። አስም ያለበት ልጅ ከሆነ ቀዝቃዛ አየር ሊቀሰቅስበት ይችላል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ወር ሙሉ ለሚቆይ ሳል ብዙውን ጊዜ ተጠያቂው ጀርም ነው ወይ ጭስ ነው ወይ ሻጋታ ነው፣ ሦስቱም ደግሞ የተዘጋ ክፍል ይስማማቸዋል። ክረምት ላይ ሳል የሚበዛው ዝናቡ ሁላችንንም አንድ ክፍል ውስጥ ስለሚያጉረን፣ በርና መስኮት ስለምንዘጋ፣ ደጅ የነበረውንም ከሰል ወደ ውስጥ ስለምናስገባ ነው። ጅማ ደግሞ ዝናቧ ሰኔ ገብቶ መስከረም የሚወጣ አይደለም፣ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ሲመላለስ ነው የሚከርመው፣ ስለዚህ ቤት የምንዘጋበት ጊዜ ከብዙ ከተማ ይረዝማል።

እስቲ ክፍልሽን ሌሊት ላይ አስቢው። አምስት ሰው ተኝቶ በትንፋሽና በላብ የሚያወጣው እርጥበት እስኪነጋ ድረስ አንድ ትልቁን ሃይላንድ ይሞላል፣ ወደ ሊትር ተኩል ማለት ነው። መውጫ ካጣ የት ይሄዳል? ቆርቆሮው ቀዝቃዛ ስለሆነ እዚያ ሄዶ ይጠራቀማል፣ ከዛ ወደ ግድግዳው ይወርዳል፣ ከአልጋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ አልጋውን ሳብ አድርገሽ ብታዪው ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ የምታገኚ ይመስለኛል፣ ያ ሻጋታ ነው። አንዱ ጉንፋን ይዞ ሲያስል ደግሞ ያ አየር ስለማይቀየር ሌሎቻችሁ ሌሊቱን ሙሉ ስትስቡት ታድራላችሁ። ፔሩ ሊማ ውስጥ ሆስፒታሎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት በአማካይ 28 ጊዜ ይቀየር ነበር፣ በማሽን አየር ይገባባቸዋል የተባሉት ዘመናዊ ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ነው የተሰላላቸው። በጣም ጥሩ ሆነው የተገኙት ጣሪያቸው ከፍ ያለ መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት የድሮ ሕንፃዎች ነበሩ። አንቺ ማሽን አያስፈልግሽም፣ ሁለት ቀዳዳ ነው የሚያስፈልግሽ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ።

ይሄን ራስሽ መፈተን ትችያለሽ። ዕጣን አጭሺ፣ በሩን ዝጊና ሰዓት ያዢ፣ ጭሱ ከዓይንሽ እስኪጠፋ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ከዛ ላስቲኩን ቀደሽ፣ ጨርቁን አውጥተሽ ድገሚው። ልዩነቱን ስታዪ ከእኔ ምክር በላይ ታምኚዋለሽ። (ዕጣኑን ለፈተናው ብቻ ነው ያልኩት፣ የሚያስለው ልጅ ባለበት ክፍል በየቀኑ ማጨስ ራሱ ጭስ ነው።)

ከሰል የት እንደምታቀጣጥዪ አልጻፍሽም፣ ግን መገመት አያቅተኝም። ተማሪ እያለን ለሲቢቲፒ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰፈር ወርዶ ከኅብረተሰቡ የሚማርበት ፕሮግራም ነው፣ ቅጽ ይዘን ቤት ለቤት ስንዞር፣ የጅማ ሰው ያውቀናል መቼም፣ መጠይቅ መሙላት የሰለቸው ሰው ነው፣ አንዲት እናት ቤት ገብተን «ቤት ውስጥ ጭስ አለ?» የምትለዋን ጥያቄ ስጠይቃቸው «የለም ልጄ፣ እኔ በከሰል ነው የምጠቀመው» አሉኝ። እኔም «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ቀና ስል ከምድጃው በላይ ያለው የማዳበሪያ ኮርኒስ፣ ዙሪያው ነጭ ሆኖ እዛች ቦታ ላይ ብቻ የተቆላ ቡና መስሏል፣ ከስሩ ደግሞ ፍራሽ ተነጥፎ ህፃን ተኝቷል። ከሰል ጭሱ አይታይም ማለት የለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም በጣም አደገኛው ነገሩ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ፣ አይታይም አይሸትምም። ማታ ማታ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ኖሮ ደጅ ሲወጡ ከተሻለ የቡና ሱስ ነው ብላችሁ አትለፉት። ሙቀት እንዲሰጥ ተብሎ ፍም የያዘ ምድጃ ክፍል ውስጥ ይዞ መተኛት በየዓመቱ ሰው ይገድላል፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ላቀች ምድጃ ከሰል ይቆጥባል እንጂ ይሄን ጋዝ አያስቀርም፣ ይሄም በደንብ መታወቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሕይወት እንደቀጠፈ ነው የሚለው፣ ከነዚህ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ህፃናት ብዙ ናቸው።

ጅማ ላይ ሆኜ ቡና አታፍዪ ልልሽ አልችልም፣ ድንጋይ ይወረወርብኛል። በረንዳ ላይ አፍዪው። ዝናቡ ከገባ ሁለት ቆርቆሮ ከጣሪያው አስረዝማችሁ ጥላ ሥሩለት፣ ግቢው ውስጥ ሌላውም ይጠቀምበታል። መብራት ሲኖር ኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሲጠፋ ከሰሉ ደጅ። ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ ነጭ አመድ ከለበሰ በኋላ ወደ ውስጥ ይገባ የሚለው ዘዴ የሚታየውን ጭስ ነው የሚቀንሰው፣ የማይታየውን አይቀንስም።

አሁን ከቤቱ በፊት ልጆቹ። ቤት ላይ ያለሽን ሳንቲም ሁሉ ብታፈሺ ያልታወቀ በሽታ አያድንም። የትንሹ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ቲቢ መመርመር አለበት፣ በተለይ ክብደቱ ከቀነሰ ወይ ካልጨመረ፣ ማታ ካላበው፣ ወይ ግቢው ውስጥ ሲያስል የከረመ ወይም የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ካለ። አምስተኛ ሽሮፕ ሊጻፍለት ሲል «ቲቢ ይታይልኝ» በይ፣ አፍሽን ሞልተሽ ጠይቂ፣ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። የ3 ዓመት ልጅ አክታ አውጣ ቢሉት አያወጣምና «አክታ የለውም» ተብሎ እንዳይመለስ፣ ከሆድ በሚሳብ ፈሳሽም ከሰገራም ናሙና ተወስዶ የሚታይበት መንገድ አለ። ሳያለቅስ ተረጋግቶ ወይ ተኝቶ እያለ ትንፋሹን ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪው፣ ለእሱ ዕድሜ 40 እና ከዛ በላይ ከሆነ ወይም ሲተነፍስ የጎኑ አጥንት ስር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ በዛው ሰዓት ባጃጅ ያዢ።

የልጅቷ ጉሮሮ ደግሞ እኔን ከሳሉ እኩል ነው ያሳሰበኝ፣ አንቺ ግን በአንድ መስመር አለፍሽው። ሰው በተጨናነቀበት ቤት ውስጥ ከሰው ወደ ሰው የሚዞር የጉሮሮ ባክቴሪያ አለ፣ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል፣ እሱ በወጉ ሳይታከም ሲመላለስ የሰውነት መከላከያ ግራ ተጋብቶ የልብን በር ይጎዳል፣ «የልብ ሪህ» የምንለው ማለት ነው። ይሄ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ጅማ ላይ ምንም ሕመም የሌላቸው የሚመስሉ ተማሪዎች ልብ በአልትራሳውንድ ሲታይ ከ1000ው ወደ 30 የሚሆኑት ላይ የበሽታው ምልክት ተገኝቷል፣ በጥናቱ አብረው የታዩት የኬፕታውን ልጆች ላይ ግን ወደ 20 ነበር። ሀብታም አገሮች ይሄ በሽታ ከእነሱ ዘንድ መቀነስ የጀመረው ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ነው፣ ቤት ሲሰፋ፣ አንድ አልጋ ላይ አራት ልጅ መተኛት ሲቀር። ስለዚህ ልጅቷ ጉሮሮዋን ሲያማት፣ በተለይ ትኩሳት ኖሮ ጉንፋን ከሌለ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ በትክክል ትታከም፣ የታዘዘላት አንቲባዮቲክ ተሻላት ተብሎ መሀል ላይ አይቋረጥ። ጉልበት ወይ ቁርጭምጭሚት አብጦ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞር ሕመም ካየሽ ደግሞ «የዕድገት ነው» ብሎ ማለፍ የለም፣ ሆስፒታል ነው።

የቤት ጥበት ሲባል መለኪያው ምን መሰለሽ፣ የተባበሩት መንግሥታት የመኖሪያ ቤት ድርጅት አንድ ክፍል ውስጥ ከ3 ሰው በላይ ካለ ተጨናንቋል ነው የሚለው። እናንተ አምስት ናችሁ፣ ይሄን በሊሾም በመስኮትም መለወጥ አንችልም፣ የምመክርሽ ሁሉ ገደቡ እዚህ ጋ ነው። ማድረግ የሚቻለው አተኛኘትን መለወጥ ነው፣ ልጆቹ ራስና እግር ሆነው ይተኙ፣ የሚያስለው ለመስኮቱ ይቅረብ። ሰው ከመስኮት አርቁት ይላል፣ እኔ አቅርቡት እላለሁ፣ ብርድ ልብስ ደርቡለት።

ወደ ወለሉ ልግባ፣ ምክንያቱም ብርሽ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እዚህ ነው። አፈር ላይ ፕላስቲክ ማንጠፍ ወለሉን ያስዋበ ይመስላል እንጂ ከስሩ ያለው እርጥበት መውጫ አጥቶ ሻጋታ ያበቅላል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ የሚፈሰው ወተቱም ሽንቱም ስሩ ይገባል። አንድ ጥግ ላይ ገልበጥ አድርገሽ አሽትቺው። ስለ አፈር ወለል ካወራን ሁሌ የምጠቅሰው የሜክሲኮን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኮዋዊላ የሚባለው ክልል መንግሥት የአፈር ወለል ላላቸው ድሆች ኮንክሪት በመኪና እያመጣ ደጃቸው ላይ ያራግፍላቸው ነበር፣ ቤተሰቡ ራሱ ያነጥፈዋል፣ በቃ ይኸው ነው ፕሮግራሙ፣ ሌላ ምንም የለውም። ከጎን ያለው ክልል ግን ይሄን አላደረገም፣ ሁለቱ ክልሎች ላይ የተጋጠሙ ከተሞች ስላሉ ማወዳደር ቀላል ነበር። አፈሩ ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ የተተካላቸው ቤቶች ውስጥ ልጆች ላይ የሆድ ትላትል 78 በመቶ፣ ተቅማጥ 49 በመቶ፣ ደም ማነስ 81 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፣ እናቶቹም ጭንቀታቸው ቀንሷል። ሌላ አገር ላይ በትክክል ይሄው ቁጥር ይደገማል አልልሽም፣ የጅማ አፈርና የሜክሲኮ በረሃ አንድ አይደለም፣ ግን መንገዱ ግልጽ ነው፣ የሚዳኸው ልጅ እጁን አፈር ላይ አድርጎ አፉ ይከታል፣ ሲሚንቶ ይታጠባል አፈር አይታጠብም።

የአንቺ ክፍል 12 ካሬ ነው። 3 ሳንቲም ውፍረት ያለው ሊሾ ከ4 ከረጢት የሚበልጥ ሲሚንቶ አይበላም፣ የአሸዋውና የሠራተኛው ይጨመርበታል፣ ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚዋዥቅ ብር አልጠራም። ግን ባዶ አፈር ላይ ሊሾ ካፈሰሱልሽ በዓመቱ ተሰነጣጥቆ ትጣዪኛለሽ። አፈሩ አስር ሳንቲም ያህል ይቆፈር፣ ድንጋይ ይደርደር፣ ጠጠር ይሞላና በደንብ ይጠቅጠቅ፣ አሁን ያነጠፍሽውን ፕላስቲክ ጤነኛ ከሆነ እዛ ላይ ዘርጊው፣ እርጥበቱን ከስር ያቆምልሻል፣ ከዛ ነው ሊሾው። ሠራተኛው «ፕላስቲክ ምን ያደርጋል» ቢልሽ እንቢ በይው።

አከራይሽን ሳታናግሪ ግን አንድ አካፋ አፈር እንዳታነሺ። ስንት ሰው ነው አድሶ አድሶ «ቤቱ አምሯል» ተብሎ ኪራይ የተጨመረበት! ሀጂም ይሁኑ እትዬ፣ ሽማግሌ ይዘሽ ቁጭ በሉና ወጪው በየወሩ ከኪራዩ ተቀናሽ እንደሚሆን፣ ካልሆነም ለተወሰነ ጊዜ ኪራይ እንደማይጨመር በወረቀት ይስፈር፣ ምስክር ይፈርምበት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ቢያንስ 2 ዓመት እንዲቆይ ይላል፣ አዋጁን የሚያስፈጽሙት ክልሎች በየከተማቸው ስለሆነ የጅማን አሠራር ቀበሌሽ ሄደሽ ጠይቂ። ቤቱ የግል ሳይሆን የቀበሌ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፣ የቀበሌ ቤት ታሪኩ ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ይጀምራል፣ ኪራዩ ርካሽ ሆኖ ቀረ፣ በዛ ኪራይ ማንም አላደሰውም፣ ተከራዩም የኔ አይደለም አለ፣ ቀበሌውም በጀት የለኝም አለ፣ በመሀል ግድግዳው አርጅቶ ዘመመ። እሱን ያለፈቃድ መንካት ጣጣ ያመጣል፣ የፈቃድ ደብዳቤ አውጪ።

ወባን ካላነሳሁ ደግሞ ጅማ ነኝ አልልም። ከጣሪያ ስር ያለውን ክፍተት ክፈቺ ስልሽ «ትንኝ ይገባል» ልትዪ ነው፣ ትክክል ነሽ፣ የወባ ትንኝ ዋና በሯ እሱ ነው። መፍትሔው ጨርቅ ሳይሆን ወንፊት ነው፣ የመስኮት ወንፊት ሽቦ ከሃርድዌር ሱቅ በሜትር ገዝተሽ በሚስማርና በቀጭን ጣውላ ዙሪያውን ማስመታት፣ መስኮቱንም እንደዛው፣ አየር ያልፋል ትንኝ አያልፍም። ጋምቢያ ውስጥ ይሄንኑ ሞክረውት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው የወጣው፣ ወንፊት የተሠራላቸው ቤቶች ውስጥ ደም ማነስ ያለባቸው ልጆች 12 በመቶ ሲሆኑ ባልተሠራላቸው 19 በመቶ ነበሩ። አጎበሩ ይቀራል ማለት አይደለም፣ ትንኟ ሰው ሲወጣ ሲገባ በበር ትገባለችና። 2024 ላይ እኮ ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ አገሪቱ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፣ ይሄ በሽታ ጠፍቷል ብሎ የተዘናጋ ሁሉ ዋጋ ከፍሏል።

አንድ የተሳሳተ ነገር ላርም፣ ዕድራችሁ ምናልባት «ቦዩ ወባ እያመጣብን ነው» ብሎ ይሆናል የሚያዋጣችሁ። የሚሸተው ጥቁር ቦይ ውስጥ የሚራባው በአብዛኛው ሌላ ትንኝ ነው፣ እንቅልፍ የሚነሳ ወባ ግን የማያስተላልፍ። የወባዋ ትንኝ ፀሐይ የሚያገኘው ንጹህ ውሃ ነው የሚስማማት፣ የዝናብ ኩሬ፣ የከብት ኮቴ የረገጠው፣ ጭቃ ለጡብና ለቤት ምርጊት የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ከተማው ዳር ረግረጉ ቦዬ በኩል ብትሄጂ በየቦታው ታዪዋለሽ። ስለዚህ ቦዩን ደፍናችሁ ወባ ካልቀነሰ ዕድሩን አትውቀሱ።

ታዲያ 4 ሺውን አታዋጪ እያልኩሽ ነው? በጭራሽ፣ ክፈዪ፣ መጀመሪያ ክፈዪ። ቦይና ሽንት ቤት የሚከላከሉት ተቅማጥን፣ ትላትልን፣ ታይፎይድን ነው፣ እነዚህ ደግሞ የአንድ ቤት ጉዳይ ሆነው አያውቁም። አንቺ ወለልሽን ሲሚንቶ ብታደርጊ፣ ውሃሽን ብታክሚ፣ ከጎንሽ ያለው ሰው ሽንት ቤቱ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሞልቶ ግቢው ላይ የሚፈስ ከሆነ ልጅሽ የሚጫወተው እሱ ላይ ነው፣ በጫማው ይዞት ሊሾሽ ላይ ይገባል። ብራዚል ሳልቫዶር የምትባል ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለብዙ ሰፈሮች የፍሳሽ መስመር ተዘርግቶ ነበር፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የትንንሽ ልጆች ተቅማጥ ሲለካ በከተማዋ 21 በመቶ ቀንሷል፣ መጀመሪያውኑ በጣም በተጎዱት ሰፈሮች ግን 43 በመቶ። ለውጡን በዋናነት ያመጣውም የሰፈሩ ሁሉ መሸፈን ነው፣ የራስ ቤት መቀጠሉ ብቻ አልነበረም። ያንቺ 4 ሺ ብቻውን ምንም ነው፣ የሰላሳ ቤት ሲሆን ግን 45 ሺሽ ፈጽሞ የማይገዛልሽን ነገር ይገዛል። እኛ አገር ደግሞ ዕድር የሚባል ነገር አለን፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩን የሚያነቃንቅ፣ ገንዘብ ያዥ ያለው፣ ቅጣት ያለው፣ የሌላ አገር የጤና ባለሙያ እንዲህ ያለ ድርጅት ለማቋቋም ዓመታት ይለፋል።

ግን ሳትጠይቂ አትክፈዪ። ስብሰባው ላይ ቀጥታ እነዚህን አንሺ፦ ቦዩ መጨረሻው የት ነው? አዌቱ ውስጥ ከሆነ የሚገባው ለዝናብ ውሃ ብቻ ይሁን፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ እዛ ላይ ከተቀጠለ ችግሩን ታች ላለው ሰፈር ነው የላካችሁት፣ ወንዙ ወደ ቦዬ ወርዶ ግልገል ጊቤ እስኪገባ ድረስ የሚጠቀምበት ሰው አለ። ቁልቁለቱስ? በ10 ሜትር ቢያንስ 10 ሳንቲም መውረድ አለበት፣ ለግንበኛው የመጨረሻው ክፍያ ሳይሰጥ በፊት ላይኛው ጫፍ ላይ አምስት ጀሪካን ውሃ አፍስሳችሁ ሂዱና ታች ላይ ጠብቁት፣ መሀል ላይ ከቆመ ያስተካክለው። ክዳኑ የሚነሳ ይሁን፣ በሲሚንቶ የተደፈነ ቦይ በደለል ሲሞላ ማንም አይከፍተውም፣ የአይጥ መኖሪያ ነው የሚሆነው። ሽንት ቤቱ ለአንድ መቀመጫ ከ20 ሰው ባይበልጥ ነው የሚመከረው፣ የእናንተ ግቢ ብቻ ስምንት ተከራይ ካለው በትንሹ ሁለት መቀመጫ ይፈልጋል፣ ቁልፉ ማን ጋ ይቀመጣል፣ ማን ያጸዳል፣ ሲሞላ የመምጠጫ መኪና ይገባል ወይ፣ መንገዱ ይበቃዋል ወይ፣ ብዙ የጋራ ሽንት ቤት የሞተው በዚህች የመጨረሻ ጥያቄ ነው። የውሃ ጉድጓድ ያለው ግቢ ካለ ደግሞ ከሽንት ቤቱ 30 ሜትር መራቅ አለበት፣ ሄርማታ ላይ 30 ሜትር ማግኘት ቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስለዚህ የጉድጓዱ ውሃ ለልብስና ለወለል ይሁን፣ የሚጠጣው የቧንቧ ወይ በውሃ አጋር (በክሎሪኑ) የታከመ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ልክ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ።

ባለቤትሽ ከከተማ እንውጣ ማለቱን አልንቀውም፣ አምስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ መኖሩ ያስመረረው ይመስለኛል፣ እኔም ያስመርረኛል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 ድሃ ሰፈር ለሚኖሩ ቤተሰቦች በዕጣ ሻል ወዳለ ሰፈር የሚዛወሩበት የኪራይ ድጎማ ተሰጥቶ ነበር፣ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ሲታይ ዕጣው የደረሳቸው እናቶች ላይ ከባድ ውፍረትና የስኳር በሽታ ቀንሶ ተገኝቷል። ሰፈር መቀየር ለጤና ይሠራል ማለት ነው። ግን ልብ በይ፣ እነዛ ሰዎች ኪራዩን ዓመት ከዓመት የሚደጉማቸው ነበረ። አንቺን ማን ይደጉምሻል? ዳር ላይ ያለው ቤት ኪራዩ ቀንሶ የባጃጁ ሲጨመር እኩል ይመጣል፣ ልጅ ማታ ሲታመም ጤና ጣቢያው ይርቃል፣ ዕድርሽ ይቀራል፣ ደላላው የድርሻውን ይወስዳል፣ በስድስተኛው ወር አከራዩ ጨምሪ ሲል ዕቁቡ አልቋል። ቂጦና ቦዬ በኩል ደግሞ መሬቱ ውሃ አዘል የሆነበት ቦታ ብዙ ነው፣ በጋ ላይ ያየሽው ሰፊ ደረቅ ቤት ሐምሌ ላይ ከስሩ ውሃ ያመነጫል፣ ሽንት ቤቱም ተቆፍሮ ሁለት ሜትር ሳይሞላ ውሃ ይወጣዋል። እንሂድ ካላችሁ ቤቱን በዝናብ ቀን ሄዳችሁ እዩ፣ ግድግዳውን ከታች ጉልበት ድረስ በእጃችሁ ዳስሱት፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከአከራዩ ሳይሆን ከጎረቤት ጠይቁ።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፣ ዘንድሮ አትልቀቁ። ለዕድሩ 4 ሺውን ክፈዪ፣ በወንፊቱና በመስኮቱ ጀምሪ፣ ከመስኮቱ ተቃራኒ ያለው ግድግዳ ከጎረቤት ጋር የማትጋሪው ከሆነ ከላይ በኩል አርባ በአርባ የሆነ ቀዳዳ ማገሩን ብቻ ቆርጠው ያውጡልሽ፣ ቋሚውን እንዳይነኩት፣ የምትጋሪው ከሆነ የጣሪያው ስር ክፍተትና የበሩ በላይ ይበቃሻል። ቀጥሎ የበረንዳው ጥላና የኤሌክትሪክ ምድጃው፣ ከዛ ሊሾው። የተረፈውን አትንኪው፣ ሁለት ክፍል ያለው ቤት እዛው ሰፈር ሲገኝ ለሱ ይሁን፣ ጅማ ላይ ጥሩ ቤት የሚገኘው በደላላ ሳይሆን «እነ እገሌ ሊለቁ ነው» በሚል ወሬ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም አሁን መጥታ ትይ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ትመለስ፣ ዕድሩ ላይ እሷ ስትናገር ከአንቺ የበለጠ ይሰማል።

ሊሾው ሲፈስ ልጆቹን ዘመድ ጋ ውሰጃቸው፣ ለአቧራውም ለእርጥበቱም። ሰባት ቀን ጠዋት ማታ ውሃ አጠጪው፣ እርጥብ ጆንያ ካለበስሽው ደግሞ የተሻለ ነው፣ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፣ አልጋውንም ከዛ በፊት እንዳትመልሺ፣ ሠራተኛው በሦስተኛው ቀን «ደርቋል ግቡ» ቢልሽም።